የየሺእመቤት ዜሮዎች

የአልጀብራ አስጠኚ ለመሆን የበቃሁት በችሎታዬ አልነበረም፤ በኖርኩበት ግቢ ምክንያት ነው። በንፋስ መውጫ ከተማ፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በተመደብኩበት ዘመን፣ በወይዘሮ አንጓች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የወይዘሮ አንጓች የወንድም ልጅ፣ የሺእመቤት ተገኘ፣ በዚያው ግቢ ከአክስቷ ጋር እየኖረች ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። በየካቲት ወር የሒሳብ አስተማሪያቸው ታመው ለሕክምና ወደ ጎንደር ሄዱ፤ ምትክ እስኪመጣ ድረስም ተማሪዎቹ በሒሳብ ሰዓት የእጅ ጽሕፈት እንዲለማመዱ ተወሰነ። በግቢው ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ነገሩ የተነሣው ከዚህ ነው።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ደግሞ የልጅ ልጄ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በምኖርበት በባሕር ዳር ቤቴ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አሁን «እኩልዮሽ» የሚል ያማረ ቃል ተገኝቶለታል፤ በእኛ ጊዜ መጽሐፉም ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ስለነበረ «ኢኩዌሽን» ነበር የምንለው። ልጅቱ እርሳሷን በጥርሷ ይዛ ጥቂት አሰበችና በአንዱ ጥያቄ ፊት ድብልብል ያለች ዜሮ ጻፈች። ትክክል ነበረች። እኔ ግን ሳቅ አመለጠኝ።

«አያቴ፣ ምን ያስቅሃል? ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ዜሮ ሲታይ ትዝ የሚል ሰው አለ?» ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔ ግን አልተመለስኩም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንፋስ መውጫ ነኝ።

የዛሬዋን ንፋስ መውጫ የሚያውቅ ሰው አስፋልቱን፣ ሚኒባሱንና ባጃጁን ረስቶ ከእኔ ጋር ይምጣ። ያን ጊዜ ፖስታ የሚመጣልን ከደብረ ታቦር በበቅሎ ነበር፤ ክረምት ሲሆን በቅሎዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ለብሳ ትደርሳለች፤ እኔም የደብዳቤውን ከረጢት ስፈታ የእርጥብ ቆዳና የቀይ ማሸጊያ ሰም ሽታ አንድ ላይ ይመጣብኝ ነበር። ነፋሱ ከበጋ እስከ በጋ አያርፍም። በጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ወረቀቶች እንዳይበሩ ከወንዝ ያስመጣኋቸው ሰባት ድቡልቡል ድንጋዮች ነበሩኝ፤ እያንዳንዱ የራሱ ክምር ነበረው፤ የገቢው ድንጋይ በወጪው ክምር ላይ ተቀምጦ ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ደስ አይለኝም ነበር። ሻይ በአምስት ሳንቲም ይጠጣል። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመበት ደብተር በአሥራ አምስት ሳንቲም ይገዛል። እኔ የተወለድኩት ስማዳ ነው፤ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል በገበያው ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ አራት ኪስ ያለው ካኪ ኮት አሰፍቼ፣ በደረት ኪሱ ሁለት ብዕር ሰክቼ፣ ከአቶ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ባለው ማዕዘን እቆም ነበር። አቶ ሰይድ ጨርቅ፣ ጨው፣ ቡናና ሳሙና የሚሸጡ ነጋዴ ሲሆኑ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነበራቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ሲከፈት ከቢሮ የወጣ ሁሉ እዚያ ማዕዘን ላይ ይቆማል፤ ክራር ያለበት ዘፈን ሲመጣ አቶ ሰይድ ራሳቸው ጨርቅ መለካታቸውን ያቆማሉ፤ ገዢውም አይቆጣም።

ወይዘሮ አንጓች ጉዳዩን ያነሡልኝ በመጋቢት፣ ሁዳዴ ጾም ገብቶ ሳለ ነው። በሁሉም ሰው ዘንድ የምጠራበት ስም «ጸሐፊው» ነበር።

«ጸሐፊው፣» አሉኝ፣ «ይቺ ልጅ አልጀብራ በሚሉት ነገር ተይዛለች። በሌላው ሁሉ ደህና ናት። አንተ ደግሞ የተማርክ ነህ።»

«ፈተናው መቼ ነው?»

«በሰኔ። ካለፈች ደብረ ታቦር ሄዳ ዘጠነኛ ትገባለች፤ አባቷ ቃሉን ሰጥቷል። ካልቀናት ግን ለእስቴ ሰዎችም ቃሉን ሰጥቷል። በጥር ሰርጓ ነው።»

«አባቷ፣ መሪጌታ፣ ሁለት ቃል ሰጡ ማለት ነው?»

«እኔም ቤቱ ድረስ ሄጄ ይህንኑ ብለው፣ ‹አንዱን መፈጸሜ አይቀርም፤ የትኛውን እንደሆነ ፈተናው ይለየው› አለኝ። ተቆጥቼ ሁለት ቀን አላነጋገርኩትም። እሱ ግን እንዳላነጋገርኩት እንኳ አላወቀም፤ መጽሐፍ ላይ ነበር።»

መሪጌታ ተገኘ በጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓን፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ ያስመሰከሩ፣ ከዚያም ወደ ደብራቸው ተመልሰው የዘመን መቁጠሪያውን ሒሳብ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። የሺእመቤት ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ከደቀ መዛሙርቱ ጀርባ ተቀምጣ ሒሳቡን በጆሮዋ እንደቀሰመችው አክስቷ ይናገሩ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። በዚያ ዕለት ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ለትክክለኛነት ሲባል እዚህ ላይ መጻፍ ይገባኛል። እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍልን የደገምኩት በአልጀብራ ምክንያት ነው።

ጥናታችን ከቢሮ እንደወጣሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከግቢው የጽድ ዛፍ አጠገብ ባለች አግዳሚ ላይ ነበር። የሺእመቤት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የአቡጀዲ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ የምታደርግ፣ ስትናገር ዐይኗን ከሰው ላይ የማታነሣ። የመጀመሪያው ቀን ደብተሯን ገለጥኩ። ከገጽ ገጽ ዜሮ ነው። በየጥያቄው መጨረሻ የተጻፈው መልስ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከሥሩ አስተማሪው በቀይ ቀለም «ትቀልጂብኛለሽ?» ብለው ጽፈውባት ነበር።

«ትቀልጂ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ እኔ እቴ! ጋሼ፣ ተጨንቄ ነው የሠራሁት።»

መረመርኳት። መደመርና መቀነስ ብቻ ያለበትን ጥያቄ ሳልጨርስ ትመልሰዋለች። «ኤክስ ሲደመር ዘጠኝ አሥራ አምስት ነው» ስላት «ስድስት» ብላ ወደ ጽዱ ትመለከታለች፤ የሚቀጥለውን አምጣ እንደማለት። አራት ኤክስ ሠላሳ ስድስት ነው ስላት ግን ነገሩ ተበላሸ።

«ሠላሳ ስድስት ለአራት ሲካፈል ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ስለዚህ ኤክስ ስንት ነው?»

«ዜሮ።»

«ዘጠኙስ?»

«ዘጠኙ ይጣላል።»

«ማነው የሚጥለው?»

ከዚያ በኋላ ስለ ዘጠኙ ምንም ብጠይቃት ከንፈሯን ገጥማ የጫማዋን ጫፍ ማየት ሆነ ሥራዋ። እኔም ይህችን ልጅ እልኸኛ ናት ብዬ ፈረድኩ፤ በሕይወቴ ውስጥ ቸኩዬ ከሰጠኋቸው ፍርዶች አንዱ ይህ ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄድን። በቢሮ በምሳ ሰዓት መጽሐፉን ደብቄ እያጠናሁ፣ አመሻሽ ላይ እንደ ሊቅ እየሆንኩ ማለት ነው። አንድ ቀን ቅንፍ ያለበት ጥያቄ መጣና መሐል ላይ ቆምኩ። ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁ፤ መለስኩ፤ ሌላኛውን አወጣሁ።

«ጋሼ፣» አለች የሺእመቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእርስዎም አልገባዎትም፤ አይደል?»

«ገብቶኛል። እያሰብኩ ነው።»

«ብዕሩ ተራውን ሦስት ጊዜ ጨርሷል።»

ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል መድገሜን ነገርኳት። ለአክስቷ እንዳትናገር ለማስማል አስቤ ነበር፤ ግን ፊቷ እንደ ፋሲካ ጧት ሲበራ አይቼ ተውኩት። አንድ ሙሉ ሰው፣ ካኪ ኮት የለበሰ፣ የአውራጃው ማኅተም ከመሳቢያው ውስጥ ያለ፣ በዚህ ነገር ወድቆ መነሣቱ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ጠቀማት። ቅንፉን አብረን ፈታነው። ዜሮው ግን አልለቀቀንም።

ዘዴ ይገኝ እንደሆነ ብዬ አንድ ቅዳሜ፣ ቢሮ ስድስት ሰዓት ላይ እንደተዘጋ፣ ወደ አቶ ሰይድ ሱቅ ወሰድኳት። ሚዛናቸውን ለምኜ በአንዱ በኩል ሁለት እኩል ሳሙናዎችና ባለ መቶ ግራም ብረት፣ በሌላው በኩል ባለ አምስት መቶውን አስቀመጥኩ፤ ሳሙናዎቹን እኩል እስኪሆኑ ድረስ የጠረቡልን አቶ ሰይድ ራሳቸው ናቸው። ሚዛኑ ቀጥ አለ።

«አንዱ ሳሙና ስንት ይመዝናል?»

«ሁለት መቶ፣» አለች፣ ሚዛኑ ገና ሳያርፍ። «መቶውን ከሁለቱም በኩል ያነሡታል፤ አራት መቶ ለሁለት።»

«እሷስ ገብቷታል፣» አሉ አቶ ሰይድ፣ «አሁን ሚዛኔን ልቀቁልኝ፤ ሰው ቡና ይዞ ቆሟል። ጸሐፊው፣ ሳሙናውን ደግሞ ትገዛዋለህ፤ ቅርጹን አበላሽተነዋል።»

ሁለቱንም ሳሙና ገዛሁ። በደስታ እየተራመድን ግቢ ደርሰን ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ብሰጣት፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር መቶ፣ አምስት መቶ ነው ብላት፣ መቶውን በሥርዓት ቀንሳ፣ አራት መቶን ለሁለት አካፍላ፣ ሁለት መቶውን በጣቷ ሸፍና ዜሮ ጻፈች። በዚያች ሰዓት በሚዛን የሚገባትን ነገር በወረቀት የሚከለክላት አንድ ሰው እንዳለ ተረዳሁ። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ገባ። ፈተናው ሊደርስ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ በገበያ ቀን ቅዳሜ፣ መሪጌታ ተገኘ እኅታቸውን ለመጠየቅ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ከጽዱ ላይ ሰቅለው፣ ከእኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አስተማሪዋ አንተ ነህ?»

«አስጠኚ ነኝ፣ የኔታ።»

«ደብተሩን ወዲህ በል።»

ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ሳይለውጡ ብዙ ገጽ ገለጡ። የሺእመቤት ከአክስቷ ጀርባ ቆማ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ይህ ክብ ነገር ምንድን ነው?»

«ዜሮ ነው፣ የኔታ። አልቦ ማለት ነው።»

«ሁሉም አልቦ?»

«ሁሉም።»

«ልጄ፣ ምን ብታስቢ ነው?»

እዚህ ላይ ነው፣ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሺእመቤት የተናገረችው። ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። «አባባ፣ በገና መጥቼ የተሰወረ ቁጥር እንዴት ይገኛል ብዬ ብጠይቅዎ፣ ‹ገድፈሽ ገድፈሽ፣ የተረፈውን ያዢ፤ የወጣውን ጣዪ› አሉኝ። እንዳሉኝ አድርጌ ነው።»

ነገሩ ገና ያን ጊዜ ገባኝ። በባሕረ ሐሳብ የዓመቱን ቁጥር ለአሥራ ዘጠኝ አካፍለው፣ መግደፍ የሚሉት ይህን ነው፣ ስንት ጊዜ እንደደረሰ ሳይመለከቱ፣ የተረፈውን ብቻ ይይዛሉ፤ ከዚያ ከተረፈው ነው በዓልና ጾም የሚወጣው። ልጅቱ ይህንኑ ሕግ ይዛ መጥታ፣ ድርሻውን ጥላ ትራፊውን ትጽፋለች። የመጽሐፋችን ጥያቄዎች ደግሞ ሁሉም ትራፊ የሌላቸው ነበሩ። እንግዲህ በሁለት ወር ውስጥ አንድም ጊዜ ሕጉን አልተላለፈችም፤ አንድም ጊዜ ደግሞ መልስ አላገኘችም። አስተማሪው በቀይ ቀለም ሲጽፉባት፣ እኔ እልኸኛ ስላት፣ አባቷ ተሳሳቱ ከምትል ዜሮውን ተሸክማ ቆየች።

እኔ ከመሪጌታ ፊት ምን ማለት እንዳለብኝ ጨነቀኝ። በሊቅ ፊት፣ ያውም ልጃቸውና እኅታቸው እየሰሙ። ከቢሮ የለመድኩትን ቋንቋ አወጣሁ።

«የኔታ፣ በሁለቱ አሠራሮች መካከል ጥቂት የአፈጻጸም ልዩነት ያለ ይመስላል።»

«ፈርተህ ነው እንጂ፣» አሉ መሪጌታ፣ «‹አባትሽ ሳያውቅ ተናገረ› ልትላት ነበር። ለመሆኑ ይህ አልጀብራ ምንድን ነው? በማውቀው ነገር ንገረኝ።»

«እርስዎ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም። አንድ ሒሳብ ይስጡኝ፤ በእሱ ልሞክር።»

መሪጌታ የዓመቱ በዓላት የሚወጡባቸውን ሁለት ቁጥሮች ሊጠይቋት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«መጥቅዕስ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ሳትቆጥሪ እንዴት አወቅሽ?»

«ሁለቱ ሲደመሩ ምን ጊዜም ሠላሳ ናቸውና።»

እኔ ብዕሬን አወጣሁ፤ በአንድ ጊዜ ትክክለኛው ብዕር ወጣ። በደብተሩ ላይ አሥራ ሁለት ሲደመር ኤክስ ሠላሳ ነው ብዬ ጻፍኩና ከኤክሷ በታች አሰመርኩ። «መጥቅዕን አላወቅንም እንበል፣ የኔታ። ስሙን ትተን በቦታው ይህችን ምልክት አቆምን። ይህ ነው አልጀብራ።»

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡት። «የተጋደመ መስቀል ነው» አሉ ስለ ኤክሷ። ቀጥለውም «ይህንማ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ለዚህ ነው ጎንደር ድረስ አስተማሪ የሚታመመው?» አሉ። ወይዘሮ አንጓች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

«አሁን ይህን ይፍቱልኝ፣» አልኩ ድፍረት አግኝቼ፤ አራት ኤክስ ሠላሳ ስድስት ነው ብዬ ጻፍኩ። መሪጌታ ለመግደፍ ጀመሩና ቆሙ። «እስቲ ባቄላ አምጪ» አሉ እኅታቸውን። ሠላሳ ስድስት ባቄላ በአግዳሚው ላይ ተቆጠረ። በአራት ክምር አካፈሉት፤ በየክምሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነ። እጃቸው ባዶ ቀረ። ባዶ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የሺ፣ ነይ ቁጭ በይ። እኔ የነገርኩሽ ለዓመት ነው። ዓመት ይዞራል፤ ከዞረ በኋላ ያለፈውን ዙር ምን ያደርጉለታል? ጥለውት ከአዲሱ ዙር የተረፈውን ይይዛሉ። ይህ ግን አይዞርም። ይህ ድርሻ ነው። አራት ልጆች ባቄላ ቢካፈሉ፣ እኔ የየድርሻቸውን ጥዬ የተረፈውን ልስጣቸው ብል ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። የነገርኩሽ ሐሰት አይደለም፤ ያለ ቦታው ነው የነገርኩሽ። ዘጠኙን አትጣይው።»

«ዘጠኙን ልያዘው?» አለች፤ ፈቃድ እንደምትለምን።

«ያዢው።»

ያችን ቅዳሜ ስንት ዓመት ብኖር እንደማልረሳት ለመናገር ቃል አጥቼ ሳይሆን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቃል ማብዛት ስለማይገባው እተወዋለሁ። ይህን ብቻ ልጻፍ፤ የሺእመቤት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ሰረዘች። ሰባት። አራት። አሥራ አንድ። በየመልሱ ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። መሪጌታ አልቻሉም፤ እርሳስ ተቀብለው በግእዝ አኃዝ ራሳቸው መፍታት ጀመሩ፤ ከገበያ የሚገዙትን ጨው ረሱት። ሰባት ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ ሠላሳ ሁለት ነው የሚል ላይ ሲደርሱ ሦስቱን ቀነሱና ሃያ ዘጠኝን ለሰባት ይዘው ተቸገሩ።

«አንድ ተረፈ» አሉ።

«አባባ፣ የተቀነሰው ወዲያ ሲሻገር ይደመራል። ሠላሳ አምስት ነው።»

«ማን አለ?»

«ጋሼ።»

«አንተ ነህ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«መጽሐፉ ነው፣ የኔታ። ሚዛኑ እንዳያዘነብል ነው።»

አሰቡ። ሠላሳ አምስቱን ለሰባት አካፈሉ። ፭ ብለው ሲጽፉ እጃቸው ጥምጥማቸውን ነካ፤ ሲደሰቱ የሚያደርጉት ነገር መሆኑን ወይዘሮ አንጓች በኋላ ነገሩኝ። «ልጄ አረመችኝ» አሉ እኅታቸውን፤ ይህንም ሽልማት የተቀበሉ ያህል ደጋግመው አሉት። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የተፈቱትንና ያልተፈቱትን ጥያቄዎች እንድገለብጥላቸው አዘዙኝ። በሁለት ግልባጭ ገለበጥኩ፤ አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን በልማድ ለመዝገብ።

ፈተናው በሰኔ ተሰጠ። የሒሳቡ ቀን እኔ ከቢሮዬ መስኮት ሆኜ የትምህርት ቤቱን አጥር አያለሁ፤ በዚያ ቀን የገቢውን ድንጋይ በወጪው ላይ ማስቀመጤን ያገኘሁት በማግሥቱ ነው። አመሻሽ ላይ የሺእመቤት መጥታ ከአግዳሚው ተቀመጠች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ መልሱ ዜሮ ሆነብኝ።»

«ጥለሽ ይሆናላ።»

«አልጣልኩም። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። አምስት ኤክስ ሲደመር ስምንት፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር ስምንት ነው። ስምንቱ ከስምንቱ ሄደ። ሁለቱ ከአምስቱ ሄደ። ሦስት ኤክስ አልቦ። ሌላ ነገር ልጽፍ እጄን አነሣሁና፣ ዜሮውን በቦታው አስገብቼ ሞከርኩት፤ ሁለቱም ወገን ስምንት ሆነ። ጻፍኩት።»

በራሴ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ዜሮ ነበር። እንደገና ሠራሁት። ዜሮ። ትክክል ነሽ አልኳት፤ ሆኖም ዘጠነኛ ክፍል የደገመ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚያጽናና እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ያን ክረምት፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ ሁለታችንም በየፊናችን ያችን ዜሮ እያሰብን ሰነበትን። የእስቴ ሰዎችም በሐምሌ አጋማሽ ሽማግሌ ልከው «ለጥር ጠላ እንጥመቅ ወይስ እንቆይ?» ብለው ጠይቀዋል። መሪጌታ «ፖስታ እየጠበቅሁ ነው» ብለው መለሱላቸው። ለእንደዚያ ያለ ጥያቄ እንደዚያ ያለ መልስ በጋይንት ከዚያ በፊት የተሰጠ አይመስለኝም።

ቡሄ መጣ። የከተማው ልጆች ከማለዳ ጀምሮ ጅራፍ ሲያጮኹ ዋሉ። በማግሥቱ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ የፖስታዋ በቅሎ ጭቃዋን ለብሳ ከቢሮው ደጃፍ ቆመች። ከረጢቱን ፈታሁ። ከአሥራ ሁለት ደብዳቤዎች መካከል ስድስተኛው ወፍራም ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የተጻፈ፣ በቀይ ሰም የታሸገ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ መዝግቤ ለተላላኪ መስጠት። መዘገብኩ። ተላላኪው እጁን ሲዘረጋ ግን ደብዳቤውን በካኪ ኮቴ ውስጥ ከትቼ በዝናብ ወጣሁ። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቴ ውስጥ የሌላ ሰው ሥራ የሠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ተላላኪውም እስከ ጳጉሜን ድረስ አኩርፎኝ ነበር።

የሺእመቤት ከአክስቷ ጋር ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆማለች፤ በቅሎዋን ከእኔ በፊት ያየቻት እሷ ናት። ዳይሬክተሩ ሰሙን ሰብረው ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው እሷን ሳይሆን እኔን አዩኝ፤ «በሒሳብ ከሁሉ በላይ ናት» አሉ። ወይዘሮ አንጓች እልልታቸውን ለቀቁት፤ የቡሄ ጅራፍ የቀረው ልጅ ሁሉ ከየቦታው መልስ ሰጠ። የሺእመቤት አልጮኸችም። «ዜሮዋ ልክ ነበረች» ብቻ አለች፤ ለራሷ።

መሪጌታ ለእስቴ ሰዎች የላኩት ቃል በዚያው ሳምንት ደረሰ፤ ሙሽራውም በዚያው ጥር ሌላ አግብቶ ሰርጉን እኛ ሁሉ በልተናል። ዳይሬክተሩ የመሸኛውን ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ የእጄ ጽሕፈት የሚነበብ ስለነበረ። ግልባጩ ዛሬም እጄ ላይ አለ፤ ዳሩ ላይ የአንድ ባቄላ ያህል የዝናብ ጠብታ አለበት። ዓመተ ምሕረቱ በጠብታው ሥር ደብዝዟል፤ ማወቅ ለሚፈልግ ግን አበቅቴው አሥራ ሁለት እንደነበረ ጽፌያለሁ። የቀረው እንዲህ ይነበባል።

«ተማሪ የሺእመቤት ተገኘ የስምንተኛ ክፍልን ጠቅላላ ፈተና በሚገባ አልፋ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የተዛወረች መሆኗን እያረጋገጥን፣ በደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ እንጠይቃለን። ንፋስ መውጫ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን።»